«ኬክ ቤት» ከሩቅ ሲታይ ለምን «ኪክ ቢት» ይሆናል?

ጥያቄ፦ ለምከፍተው ኬክ ቤት ከውስጥ የሚበራ ታፔላ እያሠራሁ ነው። የእንግሊዝኛው ስም ጫፋቸው ክብ በሆነ ወፍራም ፊደላት ተጽፎ በጣም ወድጄዋለሁ። አማርኛው እንዲመሳሰል ዲዛይነሩ ዙሪያውን መስመር ጨምሮ አወፈረው፤ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ሳየው ግን «ኪክ ቢት» የሚል ይመስላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዓይንዎ አላታለለዎትም። ኬ ከኪ፣ ቤም ከቢ የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ግርጌ ባለችው ትንሽ ቀለበት ብቻ ስለሆነ፣ የቀለበቷ ውስጥ ሲደፈን ኃምሱ ሳልስ ሆኖ ይነበባል። በፊደሉ ዙሪያ የሚጨመር መስመር ደግሞ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ያድጋል፤ 4 ሚሊሜትር መስመር ከየጎኑ 2 ሚሊሜትር ስለሚበላ የቀለበቷን ቀዳዳ በ4 ሚሊሜትር ያጠበዋል።

ችግሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ይመስለኛል። ብዙዎቹ ክብ ጫፍ ያላቸው ፎንቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቮልስዋገን የመኪና ኩባንያ የተዘጋጀው ቫግ ራውንድድም ጭምር፣ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ሲጻፍባቸው ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካል፤ የተተካው ለምሳሌ ኒያላ ከሆነ፣ እሱ በአንድ ውፍረት ብቻ የተሠራ በመሆኑ «ቦልድ» ሲባል የሚገኘው ማወፈር ፕሮግራሙ በግምት የሚፈጥረው ነው።

ስለዚህ ዲዛይነሩ የጨመረውን መስመር አጥፍቶ፣ ከስስ እስከ እጅግ ወፍራም በየደረጃው በተሠራውና ለንግድም በነፃ በሚፈቀደው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በተባለው ፎንት እንዲጀምር ይንገሩት። የመጨረሻውን ውፍረት ሳይሆን ቦልዱን ይምረጥ። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ከቀየረ በኋላ፣ ኢሉስትሬተር በተባለው የሥዕል ፕሮግራም፣ የቅርጹን ጠርዝ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በሚገፋው «ኦፍሴት ፓዝ» በተባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም በዚያው መጠን ወደ ውጭ፣ ማጠፊያውን ክብ አድርጎ ቢሠራ የውጭ ማዕዘኖቹ ይከብባሉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጠው የሚሞላው የውስጡ ስለሆነ ቀለበቷ እንደገና ትደፈናለች። መጠኑም ከቀጭኑ ጭረት ውፍረት ከግማሽ በታች መሆን አለበት፤ ካለፈ ያ ጭረት ጨርሶ ይጠፋል።

እኔ ብሆን ግን ጽሑፉ ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ ፎንቱን ትቼ በእጄ እሥለው ነበር። የፊደሉን አጥንት በአንድ መስመር ሥሎ፣ ጫፉንና ማጠፊያውን ክብ አድርጎ ማወፈር ከእንግሊዝኛው ጋር ይበልጥ ያዛምደዋል፤ ቀለበቷንም እንደልብ ማስፋት ይቻላል። ክብ ጫፍ ለዓይን ከቀጥታው አጠር ብሎ ስለሚታይ እግሮቹ ፊደሎቹ ከሚቆሙበት የመሠረት መስመር ጥቂት ወረድ ይበሉ።

ታፔላው የሚበራ መሆኑም አይረሳ። ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ሲበራ ብርሃኑ ወደ ዳር ስለሚፈስ ማታ ከቀኑ ወፍሮ ይታያል፤ ቀዳዳውን በወረቀት ላይ በቂ ከሚመስልዎት አስፍተው ያሠሩት።

የታፔላው ፕላስቲክ (አክሪሊኩ) ከመቆረጡ በፊት ጽሑፉን በአንድ አሥረኛ አትመው በ3 ሜትር ርቀት ይመልከቱት፤ ይህ ታፔላውን በ30 ሜትር ከማየት ጋር እኩል ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው ጠርተው ያስነብቡት፤ እርስዎ ቃሉን ስለሚያውቁት የተደፈነውንም አስተካክለው ያነቡታል።