የስኳር ሕመምና ልብ፦ ስለ መከላከያ መድኃኒቶች ጥያቄና መልስ

የስኳር ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ልብን ለመጠበቅ ስለሚታዘዙ መድኃኒቶች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ሥራዬ የውስጥ ደዌ ሕክምና ነው፤ ሆኖም እዚህ የምሰጠው መልስ የራስዎን ሐኪም ምርመራ አይተካም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው። ዓይነት 2 ስኳርና የደም ግፊት አለብኝ። ኮሌስትሮሌ ተለክቶ ደህና ነው ከተባልኩ በኋላ ሐኪሜ ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘልኝ። ያልታመመ ልብ ለምን ይታከማል?

መልስ፦ ስታቲን ለእርስዎ የታዘዘው የኮሌስትሮሉ ቁጥር ስለ ከፋ ሳይሆን፣ ወደፊት በልብ የደም ሥር መዘጋት ወይም በስትሮክ የመያዝ ዕድልዎ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ስኳር የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ለዓመታት በዝምታ ስለሚጎዳ፣ ለሌላው ሰው ደህና የሚባለው የኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) መጠን እንኳ በተጎዳው ግድግዳ ውስጥ ለመከማቸት በቂ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የሕክምና መመሪያዎች ከ40 እስከ 75 ዓመት ለሆኑ የስኳር ሕመምተኞች፣ የልብ ሕመም ባይኖርባቸውም፣ ቢያንስ መካከለኛ ኃይል ያለው ስታቲን እንዲሰጥ ይመክራሉ።

ማስረጃውንም ልጥቀስልዎ። በ2004 ውጤቱ የወጣው ካርድስ የተባለው ጥናት የልብ ሕመም ታሪክ የሌላቸው፣ ኤልዲኤላቸው እጅግ ያልበዛ፣ ነገር ግን ከስኳሩ ሌላ እንደ ደም ግፊት ወይም ሲጋራ ማጨስ ያለ ቢያንስ አንድ አጋላጭ ሁኔታ የነበረባቸውን 2,838 ሰዎች ያካተተ ነበር። በቀን 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን በወሰዱት ላይ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ37 በመቶ ቀነሱ፤ ጥናቱም ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ቆመ። ይህን ቁጥር ብቻውን ተናግሮ ማለፍ ግን ተገቢ አይመስለኝም። አራት ዓመት ገደማ በፈጀው ክትትል አደጋ የደረሰባቸው ባዶ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያ) ከወሰዱት 9 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ 6 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ ይህም ማለት ከመቶ ሰዎች ሦስቱ ያህል ከአደጋ ተርፈዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ለረጅም ዓመታት ስለሚወሰድ ጥቅሙ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ቢሆንም ታካሚው ሁለቱንም ቁጥሮች አውቆ መወሰን አለበት ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ስኳሬን በደንብ ከተቆጣጠርኩ ይህ ሁሉ ክኒን ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ስኳርን መቆጣጠር ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን በእጅጉ ይጠብቃል። ለልብ ግን ብቻውን አይበቃም። እንዲያውም አኮርድ በተባለው ሰፊ ጥናት ስኳርን ከሚገባው በላይ አጥብቆ የማውረዱ ክፍል፣ በዚያ ወገን የሞቱት ሰዎች በመብዛታቸው በ2008 እንዲቋረጥ ተደርጓል። ልብን የሚጠብቀው የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የስኳር ቁጥጥር፣ ሲጋራን ከመተውና ከእንቅስቃሴ ጋር ሲደመር ነው።

ጥያቄ፦ ስታቲን ከጀመርኩ ወዲህ ጡንቻዬን ያመኛል። ላቁመው?

መልስ፦ በራስዎ አያቁሙት፤ ሕመሙንም አይናቁት። ሽንትዎ እንደ ኮካኮላ ከጠቆረ ወይም ከባድ የጡንቻ ድካም ከመጣ፣ ክኒኑን ትተው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ይህ ብዙም የማያጋጥም ነገር ግን ኩላሊትን የሚጎዳ አደጋ ነው። ቀላል ሕመም ከሆነ ግን ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በ2020 ይፋ የሆነው ሳምሶን የተባለው ጥናት ስታቲን አልስማማ ብሏቸው ያቆሙ ሰዎችን፣ አንዱን ወር ስታቲን፣ ሌላውን ወር ባዶ ክኒን፣ ሌላውን ወር ምንም ሳይሰጥ ሲከታተል፣ በስታቲን ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በባዶ ክኒኑም ጊዜ ተሰምቷቸዋል። ሰዎቹ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ መንስኤው አይደለም። ሐኪምዎ መጠኑን ሊቀንስ፣ ዓይነቱን ሊለውጥ፣ እንደ ክላሪትሮማይሲን ያለ ከስታቲን ጋር የሚጋጭ መድኃኒት እየወሰዱ እንደሆነም ሊያጣራ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስታቲን ስኳር ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በጥቂቱ፣ አዎን። ልብን በመጠበቅ የሚሰጠው ጥቅም ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ ልባቸውን ግን ታመው አያውቁም። ሰው መክሯቸው በየቀኑ አስፕሪን ይወስዳሉ። ይቀጥሉ?

መልስ፦ ይህን ከሐኪማቸው ጋር ቶሎ ቢነጋገሩበት እመርጣለሁ። በ2018 የወጣው አሴንድ የተባለው ጥናት ከ15,000 በላይ የስኳር ሕመምተኞችን ከሰባት ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ አስፕሪን ከባድ የደም ሥር አደጋዎችን በ12 በመቶ ቢቀንስም ከባድ የደም መፍሰስን በ29 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከ70 ዓመት በላይ የመድማት ስጋት ስለሚያይል፣ ልባቸውን ላልታመሙ ሰዎች አስፕሪንን በዘልማድ ማዘዝ አይመከርም። የልብ የደም ሥር መዘጋት ያጋጠመው፣ ስቴንት (የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ወይም የደም ሥር በመዘጋቱ ስትሮክ የያዘው ሰው ግን ይህን አንብቦ አስፕሪኑን እንዳይተው አደራ እላለሁ፤ የእርሱ ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ልብንም ይጠብቃሉ የሚባሉት አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶችስ?

መልስ፦ ኤምፓግሊፍሎዚን በ2015 በወጣ ጥናት አስቀድሞ የልብና የደም ሥር ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ ከዚሁ ሕመም የሚመጣን ሞት በ38 በመቶ ቀንሷል፤ የዚሁ ወገን መድኃኒቶች ለልብ ድካምና ለኩላሊትም ይጠቅማሉ። በመርፌ የሚሰጡት ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድም የልብ አደጋን ቀንሰዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ስኳርዎ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ስለ እነዚህ መድኃኒቶች መጠየቅ ይገባዎታል። ኤምፓግሊፍሎዚንን የሚወስድ ሰው ሲያስመልሰው፣ ምግብ መብላት ሲያቅተው ወይም ቀዶ ሕክምና ሲቃረብ ስለ ማቆም ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ደሙ በኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላልና።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ለማርገዝ አስቤያለሁ። ስታቲንና ኢናላፕሪል እወስዳለሁ።

መልስ፦ እርግዝናው እስኪመጣ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ኢናላፕሪል ፅንሱን ይጎዳል፤ ለደም ግፊቱ በእርግዝና ጊዜ የሚፈቀድ ሌላ መድኃኒት ይተካልዎታል። ስታቲንም በአብዛኛው ከእርግዝና በፊት ይቆማል፤ ጡት ማጥባት እስኪያበቃም ሳይጀመር ይቆያል። ሳያውቁት አርግዘው ከሆነ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ሳይዘገዩ ይታዩ።