ሳላምን ተጠምቄአለሁ፤ ይቆጠራል? (ጥያቄና መልስ ከሀዋሳ)

ሀዋሳ ውስጥ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። በብዛት የማገኘው ለጥምቀት የሚዘጋጁ አዋቂዎችንና ለጋብቻ የሚማሩ እጮኛሞችን ነው። ምሥጢራትን (ጥምቀትን፣ ቁርባንን፣ ንስሓን፣ ጋብቻንና የመሳሰሉትን) ሳያምኑ ስለመቀበል ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ካሰብኩት በላይ መጣ። ስም አልጠራም፤ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ቄስ አይደለሁም። የራሳችሁን ጉዳይ የሚያይላችሁ ቆሞሳችሁ፣ ማለትም የሰበካችሁ ኃላፊ ካህን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳልጠመቅ ነው ያደግሁት። እጮኛዬ ካቶሊክ ናት። ቤተሰቦቿ «ካልተጠመቀ አንድርም» አሉ። ትምህርቱን ጨርሼ ተጠመቅሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ አላምንም ነበር። «አምናለሁ» ያልኩት ለእሷ ስል ነው። አሁን ግን ከልቤ አምናለሁ፤ ያ ጥምቀት ግን ውሸት ሆኖ እየታየኝ እንቅልፍ ነሳኝ። እንደገና ልጠመቅ?

መልስ፦ አትጠመቅም ወንድሜ። ተጠምቀሃል።

ካህኑ ውሃ አፍስሶ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ካለ፣ አንተም መጠመቁን ፈቅደህ ከቆምክ፣ ምሥጢሩ ተፈጽሟል። ምክንያትህ ልጅቷን ማግባት ነበር፤ ይሁን። ግን መጠመቅን ፈልገሃል። የጎደለህ እምነት እንጂ ፈቃድ አይደለም። ይህን ልዩነት ያዝልኝ፤ ሌሎቹም ጥያቄዎች ላይ ይመጣል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ አንስቶ መልሶታል፤ የጥምቀትን ማኅተም (በነፍስ ላይ የሚቀረውን የማይጠፋ ምልክት) ለመቀበል ትክክለኛ እምነት የግድ አይደለም፣ ጸጋውን ለመቀበል ግን የግድ ነው ይላል። ከእሱ በፊት የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውጉስጢኖስም፣ አስመስሎ የተጠመቀ ሰው ማስመሰሉን ሲተው ያው የድሮው ጥምቀት ለመዳኑ መሥራት ይጀምራል ብሎ አስተምሯል። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የትሬንት ጉባኤ በ1547 ምሥጢራት እንቅፋት ለማያስቀምጥ ሰው ጸጋን ይሰጣሉ ብሎ ደነገገ። ያንተ እንቅፋት አለማመንህ ነበር፤ አሁን ተነሥቷል። ስለዚህ ውሃው ይደገም ማለት ያኔ እግዚአብሔር ምንም አላደረገም እንደማለት ነው። አድርጓል እንጂ! ያልተቀበልከው አንተ ነህ፣ እሱ ግን ሰጥቷል።

አንድ ነገር ይቀርሃል። በእግዚአብሔር ፊት ያላመንከውን አምናለሁ ማለትህ ኃጢአት ነው። ለካህን ተናዘዘው፣ እንዳትደብቀው። ከዚያ ተኛ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን አልፈለግሁም ነበር። ታላቅ ወንድሜ «ካልተጠመቅሽ ከቤት ትወጫለሽ» ብሎኝ ነው። የኔስ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ይህ ሊደረግብሽ አይገባም ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ መገደድ እንደሌለበት በግልጽ አስቀምጧል። የቀኖና ሕጉም አዋቂ ሰው ለመጠመቅ የራሱን ፈቃድ መግለጽ አለበት ይላል።

ተፈጽሟል ወይ ለሚለው ግን መልሱ ባንቺ ውስጥ በነበረው ነገር ላይ ይወሰናል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሦስተኛ በ1201 በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ሰው ለይተዋል። አንዱ ከፍርሃት የተነሣ፣ እያንገራገረም ቢሆን፣ «እሺ፣ ልጠመቅ» ያለ ነው። እሱ ማኅተሙን ተቀብሏል። ሌላው ፈጽሞ ያልተስማማና እስከ መጨረሻው የተቃወመ ነው፤ እሱ ምንም አልተቀበለም። አንቺ የትኛዋ ነበርሽ? «ከቤት ከምወጣ ይሁን» ካልሽ የመጀመሪያዋ ነሽ። አፍሽ ዝም ብሎ ልብሽ በፍጹም እንቢ ካለ ግን ካህኑ በደንብ መመርመር አለባቸው። ተመርምሮም ጥርጣሬው ካልጠራ «ካልተጠመቅሽ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ገብቶበት ጥምቀት ይሰጣል። በራስሽ አትወስኚ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አልወስንልሽም።

ጥያቄ፦ ካህኑ ራሱ የማያምን ቢሆንስ? እኛ እንዴት እናውቃለን?

መልስ፦ አታውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋችሁም።

ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ስደት ሲጀምር በሰሜን አፍሪካ ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ። ዶናቲስቶች የተባሉት «የነዚህ ሰዎች ምሥጢራት ባዶ ናቸው» ብለው ተለዩ። በ314 የተሰበሰበው የአርል ጉባኤ አልተቀበላቸውም። በኋላ አውጉስጢኖስ ጴጥሮስ ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው፣ ይሁዳም ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው ብሎ መለሰላቸው። እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። እንዲህ ባይሆን እኮ ሰው ሁሉ የካህኑን ልብ ሲመረምር ዕድሜው ያልቃል።

ከካህኑ የሚፈለገው ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ ማሰቡ ነው። በጭንቅ ሰዓት ደግሞ ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል፤ ያልተጠመቀ ሰውም ቢሆን። ማዋለጃ ክፍል ያለች ነርስ የምትሞት ሕፃን ላይ ውሃ አፍስሳ ቃሉን ብትል፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስበውንም ብታስብ፣ ሕፃኗ ተጠምቃለች። የነርሷ ሃይማኖት አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ያደግሁት ካቶሊክ ሆኜ ነው። አሁን ግን ቅዱስ ቁርባን የክርስቶስ ሥጋ ነው የሚለውን መቀበል አቅቶኛል። ሁሉም ሲሰለፍ አብሬ ተሰልፌ ቆርቤአለሁ። ምንድነው የተቀበልኩት?

መልስ፦ የክርስቶስን ሥጋ ነው የተቀበልከው። ኅብስቱ የሚለወጠው ካህኑ መንበሩ ላይ ሲቀድሱ ነው፣ አንተ አፍ ውስጥ ሲገባ አይደለም። የአንተ ማመን አያመጣውም፣ አለማመንህም አያባርረውም። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ሳይገባው የሚበላ ዕዳ አለበት የሚለው እኮ ለዚሁ ነው። ተራ እንጀራ ቢሆን ዕዳው ከየት ይመጣል?

ግን «አቅቶኛል» የምትለውን ልጠይቅህ። እየተጠራጠርክ ነው ወይስ ክደሃል? ለሚጠራጠር ሰው የማርቆስ ወንጌል 9 ላይ ያለው አባት አለለት፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፣ ጌታም ልጁን ፈወሰለት። እንደሱ ከሆንክ ጥርጣሬህን ይዘህ ካህን አናግር፣ ጸልይ፣ አንብብ። «አይ፣ እኔ ይህን አላምንም» ብለህ ከቆረጥክ ግን እስክትመለስ ድረስ ወንበርህ ላይ ቆይ። ማንም አይታዘብህም፤ ቢታዘብህም ይታዘብህ። ኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከፍርሃት የተነሣ ሳይቆርቡ ዓመታት ያሳልፋሉ፣ እኛ ጋ ደግሞ ረድፉ ሲነሣ አብሮ መነሣት ይቀላል። ያን ፍርሃት ትንሽ ብንዋሰው ይጠቅመናል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ እናቴ ጨቀጨቀችኝና ገብቼ ተናዘዝኩ። ምንም አልጸጸተኝም፤ ነገም ያንኑ እንደማደርግ አውቃለሁ። ካህኑ ግን ፈቱኝ። ተፈታሁ?

መልስ፦ አልተፈታህም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከጥምቀት ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በምሥጢረ ንስሓ ያንተ ጸጸት ከምሥጢሩ የውስጥ ክፍሎች አንዱ ነው። የትሬንት ጉባኤ በ1551 ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ የንስሓ ክፍሎች ናቸው ብሏል። ጸጸት ከሌለ የካህኑ ቃል የሚያርፍበት የለም። የቀኖና ሕጉም ኃጢአቱን የሚጠላና ለመታረም የቆረጠ ሰው ነው የሚያስፈልገው ይላል።

ይህን አንብባችሁ ደግሞ «የኔ ጸጸት በቂ ነበር ወይ» እያላችሁ ራሳችሁን አታሠቃዩ። እንባ አይጠየቅም። ያው ጉባኤ ፍጹም ያልሆነ ጸጸት፣ ለምሳሌ ገሃነምን ከመፍራት ወይም የኃጢአትን አስቀያሚነት ከማየት የሚመጣው፣ ኃጢአትን የመተው ፈቃድ ካለበት ለዚህ ምሥጢር ያዘጋጃል ብሏል። ደግሞ እወድቅ ይሆናል ብሎ መፍራትም አንድ ነገር ነው፣ ልተወው አልፈልግም ማለት ሌላ ነው። አንተ የጻፍክልኝ ሁለተኛውን ይመስላል። እናትህን ለማስደሰት ሳይሆን ስትፈልግ ተመልሰህ ግባ፣ ያን ጊዜ የሆነውንም ጨምረህ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን ነው የተጋባነው፤ ሁለታችንም ካቶሊክ ነን። ባሌ አሁን «እኔ ድሮም አላምንም፤ ሰርጉን ያደረግሁት ለቤተሰብሽ ብዬ ነው» ይለኛል። ታዲያ ተክሊላችን ባዶ ነበር ማለት ነው? ልጆቼስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆቹ ልጀምር። ልጆችሽ ምንም አይሆኑም። ጋብቻው አልነበረም ተብሎ ቢፈረድ እንኳ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በቅን ልብ ትክክለኛ ጋብቻ ነው ብላችሁ ከገባችሁበት ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሕጋውያን ናቸው። ይህን ማንም እንዳያስፈራራሽ።

ወደ ጋብቻው ስንመጣ፣ በሁለት የተጠመቁ ሰዎች መካከል የሚጸና ጋብቻ ራሱ ምሥጢር ነው። ምሥጢሩ የሚቆመው በፈቃዳችሁ ላይ ነው። ባልሽ «አላምንም ነበር» ማለቱ ብቻውን አያፈርሰውም። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ እምነታቸው የደከመ እጮኛሞች የጋብቻን እውነተኛ ዓላማ እስከተቀበሉ ድረስ መከልከል የለባቸውም፣ የሚከለከሉት ቤተ ክርስቲያን የምትፈልገውን በግልጽ ሲክዱ ነው ብለዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለጋብቻ የሚመጡትን ሁሉ በእምነት ፈተና ብናጣራ ስንቱ ያልፋል?

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ «እስከ ሞት» ሲል እስከ ሞት ማለቱ ነበር? ወይስ ያኔውኑ ልቡ ውስጥ «ካልተመቸኝ እፈታለሁ» ብሎ፣ ወይም «ሌላ ሴት ብይዝ ምን አለበት» ብሎ፣ ወይም ልጅ አልፈልግም ብሎ ወስኖ ነበር? በአንደበቱ እየተናገረ በፈቃዱ ጋብቻውን ራሱን ወይም ከመሠረቶቹ አንዱን ካስወጣ ጋብቻው አልተፈጸመም። እምነት ማጣት ወደዚህ ሊያደርስ ይችላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በጥር 2013 ለቤተ ክርስቲያን ዳኞች ባደረጉት ንግግር ይህን አንስተውታል፤ ፍራንቸስኮስም በ2015 የፍርዱን ሂደት ሲያሻሽሉ እንዲህ ያለውን የእምነት ማጣት ከሚታዩት ሁኔታዎች ውስጥ ጠቅሰውታል።

ግን ዛሬ ተናዶ የሚናገረውና የሰርጉ ዕለት የወሰነው አንድ ላይሆን ይችላል። ሰው ሲጣላ ያለፈውን ሁሉ ውሸት ነበር ይላል። ስለዚህ ሕጉ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ጋብቻው የጸና ነው ብሎ ነው የሚነሣው። የማዘጋጃ ቤት ፍቺም ይህን አይመልስም። አንቺም በራስሽ «ባዶ ነበር» ብለሽ አትወስኚ። ቆሞስሽን አናግሪ፤ ካስፈለገ ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያን ዳኞች የሚያቀርቡት እሳቸው በሚያሳዩሽ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ከቻልሽ፣ ባልሽን ቁጭ አድርገሽ «ያኔ ምን አስበህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ሳይጮህ ከመለሰልሽ ብዙ ነገር ይገለጥልሻል።

ጥያቄ፦ ከፕሮቴስታንት ወደ ካቶሊክ ልመጣ ነው። ከልብ አምኜ ነው የተጠመቅሁት። ጓደኛዬ ግን እንደገና ይጠመቅ ተባለ፤ እኔ አልተባልኩም። አድልዎ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ካህኑ የጠየቁት ውሃና ቃሉን ነው። አንተ በሥላሴ ስም በውሃ ተጠምቀሃል፤ ተነከርክም ተፈሰሰብህም ያው ነው። ጓደኛህ «በኢየሱስ ስም ብቻ» ከሚያጠምቁት ወገን መጥቶ ይሆናል፤ በከተማችን እነሱም ብዙ ናቸው። ያን ጥምቀት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም። ልብ በል፣ እሱም እንዳንተ ከልቡ አምኖ ነበር። የልብ እምነቱ የጎደለውን ቃል አልተካለትም። እንግዲህ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይሠራል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ወጣቶች በድራማ ላይ ሲጠመቁ ብናሳይ የምር ጥምቀት ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ማንም ለማጥመቅም ለመጠመቅም አላሰበም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ የጻፈው አንድ ታሪክ ግን አለ። አትናቴዎስ ልጅ ሳለ በእስክንድርያ ባሕር ዳር ጳጳስ ሆኖ እየተጫወተ ልጆችን ሲያጠምቅ ሊቀ ጳጳሱ እለእስክንድሮስ አዩ፤ ጠይቀው ሥርዓቱ እንዳልጎደለ ሲያውቁ ልጆቹ አይደገሙ አሉ ይባላል። የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል። ያ ልጅ ግን በኋላ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አትናቴዎስ ነው። ለማንኛውም በምሥጢር አትጫወቱ፤ በድራማው ጥምቀቱን ከመጋረጃ ጀርባ አድርጉት።

ጥያቄ፦ አባቴ ታመው ራሳቸውን ስተዋል። ቤተ ክርስቲያን ከረገጡ ቆይተዋል። እምነት ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ቅብዓ ቀንዲል (የሕሙማን ቅባት) ቢቀቡ ይሠራል?

መልስ፦ ይህን እያነበብሽ ከሆነ መጀመሪያ ካህኑ ጋ ደውይ፤ ከዚያ ትቀጥያለሽ።

ራሱን የሳተ በሽተኛ፣ ደህና ቢሆን ኖሮ ይፈልገው ነበር ተብሎ ከታሰበ፣ ምሥጢሩ ይሰጠዋል። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። መቅረት መካድ አይደለም። አባትሽ በደህናቸው ጊዜ «ካህን አላይም» ብለው ተናግረው ያውቃሉ? ካላሉ ጥሪ። መቁጠሪያ ኪሳቸው ውስጥ ነበር? በዓል ሲሆን ያማትቡ ነበር? እነዚህን ለካህኑ ንገሪያቸው፣ ይረዳቸዋል። ነቅተው መናገር ከቻሉ ደግሞ ራሳቸውን ጠይቂ። «አልፈልግም» ካሉ አታስገድጃቸው፤ ካህኑ መጥተው አጠገባቸው ይቀመጡ፣ ያጫውቷቸው፣ ነገም ይመለሱ።