አፍሪካንስ የማን ቋንቋ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጆሃንስበርግ ወደ አፒንግተን የመጣሁት በቅርቡ ነው። የአጎቴን ልጅ ሱቅ አግዛለሁ። እዚያ ጄፒ ሰፈር እያለሁ እንግሊዝኛና ትንሽ ዙሉ ይበቃኝ ነበር። እዚህ ደንበኛው ሁሉ የሚያወራው አፍሪካንስ ነው። የነጮች ቋንቋ ነው ሲባል ነበር የምሰማው፤ ደንበኞቼ ግን ነጮች አይደሉም። ስሙስ ምን ማለት ነው? ልማረው ወይስ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል?
ሀ. ከአፒንግተን

መልስ፦ ከስሙ ልጀምርልህ። ቃሉ የሆላንዶች ነው። እኛ «ኛ» ጨምረን ጣሊያንኛ፣ ዐረብኛ እንደምንለው እነሱ «አንስ» ይጨምራሉ። ጣሊያንኛን «ኢታሊያንስ» ይሉታል። ስለዚህ አፍሪካንስ ማለት «አፍሪካኛ» ነው። ድሮ «አፍሪካንስ ሆላንድስ»፣ አፍሪካዊው ሆላንድኛ ይባል ነበር። ኋላ ሆላንድኛው ተጣለና አፍሪካዊው ብቻውን ቀረ። አፍሪካነር የሚለው ደግሞ የሰው ስም ነው፤ ነጮቹን ብቻ ነው የሚመለከተው። ደንበኞችህን አፍሪካነር እንዳትላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1652 ያን ፋን ሪቤክ የሆላንድን የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሰዎች ይዞ ኬፕ፣ የዛሬዋ ኬፕ ታውን ያለችበት ጠረፍ ወረደ። ኩባንያው የፈለገው ወደ እስያ ለሚመላለሱት መርከቦቹ ውሃ፣ አትክልትና ሥጋ የሚያቀርብ ጣቢያ ነበር። አገሩ የኮይኮይ ሕዝብ ነው። ከዚያ ባሪያዎች በመርከብ መጡ፤ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች፣ ከህንድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ። እነዚህ ሰዎች ከጌቶቻቸውም ሆነ እርስ በርስ ለመግባባት ሆላንድኛን ያዙት፤ የያዙት ግን በራሳቸው አፍ ነው። የጌቶቹ ልጆችም ያንኑ ከሞግዚቶቻቸው እየሰሙ አደጉ።

ቋንቋው ላይ አሻራቸውን ዛሬም ታገኘዋለህ። ሆላንድኛ ለእኔ፣ ለአንተና ለእሱ ግሱን ይለዋውጣል። አፍሪካንስ አይለውጥም፤ «ኤክ ፕራት፣ ዬይ ፕራት፣ ሄይ ፕራት» ብለህ ታልፋለህ። ሱቅህ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው «ባየ ዳንኪ»፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ «ባየ» የሚለው ቃሉ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጡት ይናገሩት ከነበረው ከማላይ ቋንቋ የመጣ ነው። ሙዝ «ፒሳንግ» የሚባለውም እንደዚያው። እንደ ጢንዚዛ ያሉ ትንንሽ ነፍሳትን የሚጠሩበት «ኾኻ» ደግሞ የኮይኮይ ቃል ነው።

እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ግን ይኼ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የኬፕ ታውን ሙስሊሞች፣ ብዙዎቹ የባሪያ ልጆች፣ በመድረሳ፣ በሃይማኖት ትምህርት ቤታቸው፣ አፍሪካንስን በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር። ከኦቶማን መንግሥት የተላኩት ሼኽ አቡበክር ኤፈንዲ በዚሁ ቋንቋ የጻፉት የሃይማኖት መጽሐፍ በ1877 ኢስታንቡል ታትሟል። በዚያ ዘመን ብዙ የተማሩ ነጮች ቋንቋውን «የኩሽና ቋንቋ» እያሉ ይንቁት ነበር።

ነጮቹ «የእኛ ነው» ማለታቸው ኋላ የመጣ ነገር ነው። በ1875 ፓርል ከተማ ነጮች ለቋንቋው የሚቆም ማኅበር መሠረቱ፤ በዓመቱ ጋዜጣ አወጡ። በ1925 አፍሪካንስ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1948 አፓርታይድ ያመጣው ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። አፓርታይድ የሚለው ቃልም አፍሪካንስ ነው፤ መለያየት ማለት ነው። ያ መንግሥት ጥቁር ተማሪዎች ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርትን በአፍሪካንስ እንዲማሩ አዘዘ። ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ፣ የጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር፣ ተማሪዎች እምቢ ብለው ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሕፃኑ ሄክተር ፒተርሰን የሞተው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ጆሃንስበርግ ስትመለስ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ የሶዌቶ ሰዎች ፊት፣ ቋንቋውን ለጨዋታ ብለህ አታውራ። በዚያው ዓመት ግን ኬፕ ታውን ውስጥ በቤታቸው አፍሪካንስ የሚናገሩ ተማሪዎችም አፓርታይድን ተቃውመው ወጥተዋል። ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም፤ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ አፍሪካንስ በደቡብ አፍሪካ በቤት ውስጥ በመነገር ከዙሉና ከኾሳ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። አፍ ከፈቱበት ሰዎች አብዛኞቹ ነጮች አይደሉም። አንተ ባለህበት በኖርዘርን ኬፕ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ የሚናገረው እሱን ነው። እንግዲህ የማን ነው ላልከኝ፣ ከማንም በፊት ያበጁት የእነዚያ ባሪያዎችና የኮይኮዮች የልጅ ልጆች፣ የአንተ ደንበኞች ነው እላለሁ።

ተማረው። እንግሊዝኛው ለወረቀት ጉዳይ፣ ለባንክና ለፖሊስ ያስፈልግሃል፤ አትተወው። ደንበኛ የሚይዝልህ ግን አፍሪካንሱ ነው። እኔ ዌስተርን ኬፕ ሱቅ ስሠራ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ዋጋውን በአፍሪካንስ ካልነገርኳቸው ብሩን ከእጃቸው አይለቁም ነበር። «ትቫልፍ ራንድ» ብዬ አሥራ ሁለት ራንድ ስላቸው ነው የሚከፍሉኝ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ትልቅ ሴት ስትገባ «ታኒ»፣ ትልቅ ወንድ ሲገባ «ኦም» በል። እትዬና ጋሼ እንደማለት ነው። ትልቅን ሰው «ዬይ» ማለት፣ አንተ ማለት፣ ነውር ነው። በተውላጠ ስሙ ፈንታ ያንኑ ታኒ ወይም ኦም ደግመህ ትጠራለህ፤ «ሁ ኻን ዲት ሜት ታኒ?» ስትል «ታኒ እንዴት ናቸው?» ብለህ ራሳቸውን መጠየቅህ ነው። ለገንዘብ ደግሞ ቁጥሩን ቶሎ አጥና። ከሃያ በላይ ሲሆን ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ሃያ አምስትን «ፌይፍ ኤን ትቪንተኽ»፣ አምስትና ሃያ ነው የሚሉት። ሃምሳ ሁለት ሲሉህ ሃያ አምስት ሰምተህ መልስ እንዳታዛባ፣ መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሩን በካልኩሌተር ላይ ጽፈህ አሳያቸው።