በትንሽ ሜዳ፣ በጥቂት ልጆች፦ ስለ ታዳጊዎች እግር ኳስ ጥያቄና መልስ

ታዳጊዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በጥቂት ልጆች ስለሚደረግ ጨዋታ፣ ማለትም ስለ 3 ለ3፣ 4 ለ4 እና 7 ለ7፣ የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ቡድኗ የሚያጫውታት 4 ለ4 ብቻ ነው። እግር ኳስ 11 ለ11 አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እስቲ አንድ ቀን ሜዳ ዳር ሆነው ልጅዎ ኳስ ስንቴ እንደነካች ይቁጠሩ። 22 ልጆች አንዲት ኳስ ሲከተሉ አብዛኞቹ ይሮጣሉ እንጂ አይጫወቱም። በ4 ለ4 ግን ኳሷ የ8 ልጆች ብቻ ናት። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2002/03 በታዳጊዎቹ ላይ 4 ለ4ን ከ8 ለ8 ጋር ሲያስተያይ፣ በ4 ለ4 ቅብብሉ በ135 በመቶ፣ የግብ ሙከራው በ260 በመቶ፣ የአንድ ለአንድ ፍልሚያው በ225 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። በዚያ ላይ 4 ልጅ ሲሆን ኳስ የያዘችው ልጅ በግራ፣ በቀኝና ከፊቷ የምታቀብለው ታገኛለች። የትልቁ ጨዋታ ሐሳብ በሙሉ እዚያው አለ፤ የቀነሰው ግርግሩ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ ዓይን አፋር ነው፤ ኳስ ሲመጣበት ይሸሻል። 3 ለ3 አያስጨንቀውም?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው። በትልቅ ሜዳ ፈሪ ልጅ መደበቂያ አያጣም፤ ዳር ይቆማል፣ ጨዋታው ያልቃል፣ ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ ያለ ልጅ ነበረኝ፤ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ኳስ ሳይለምን ጨረሰ፤ ጥፋቱም የኔ ነበር። በ3 ለ3 መደበቂያ ስለሌለ መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፣ እውነት ነው። ግን ኳስ ቢነጠቅ ከአፍታ በኋላ ሌላ ዕድል ይመጣለታል፤ ስህተቱን ይዞት ቤት አይገባም። አሰልጣኙን አንድ ነገር ይለምኑልኝ፦ በአቅም ከሚመስሉት ልጆች ጋር ያጫውተው። ከጉልበተኞች ጋር ከተደባለቀ 3 ለ3ም አይጠቅመውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አሰልጣኝ ነኝ። 16 ልጆች አሉኝ፣ ረዳት የለኝም። እንዴት ላደራጃቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ርዝመታቸው ወደ 30፣ ስፋታቸው ወደ 20 ሜትር የሆኑ ሁለት ሜዳዎች በኮን ከልል። በሁለቱም 4 ለ4 አጫውት፤ ተጠባባቂ የሚባል አይኑር። ትርፍ ኳሶችን በሜዳው ዙሪያ አስቀምጥ፤ ኳስ ሲወጣ ሌላ ይገባል፣ የሚያመጣ አትጠብቅም። ከ4 ወይም 5 ደቂቃ በኋላ አሳርፋቸውና ያሸነፉትን እርስ በርስ፣ የተሸነፉትንም እርስ በርስ አጋጥም፤ ፉክክሩ በራሱ ይመጣጠናል።

ከዚያ ዝም በል። «አቀብል! ምታ!» እያልክ ከጮህክ የሚያስበው አንተ ነህ፣ ልጁ አይደለም። በዕረፍቱ «ማን ነፃ ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። የሆነ ነገር ማስተማር ስትፈልግ ሜዳውን ቀይር፦ ሰፊ ሜዳ ላይ ትናንሽ ጎሎችን በየጥጉ ብታቆም፣ አንዱ በኩል ሲዘጋባቸው ወደ ሌላው ማዞርን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጥያቄ፦ በረኛስ?

መልስ፦ ለትናንሾቹ አያስፈልግም። የአዋቂ ጎል ስፋቱ 7.32፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው፤ በሕፃን ልጅ አናት ላይ ያለፈ ኳስ ለማንም ትምህርት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ወደ 11 ለ11 መቼ ይለፉ?

መልስ፦ አሜሪካ ከ2017 ጀምሮ የምትከተለው ደረጃ ጥሩ መነሻ ነው፦ እስከ 8 ዓመት 4 ለ4 ያለ በረኛ፣ 9 እና 10 ዓመት 7 ለ7፣ 11 እና 12 ዓመት 9 ለ9፣ ከ13 ጀምሮ 11 ለ11። ጀርመንም ከ2024/25 ወዲህ ለትናንሾቹ አነስተኛውን ጨዋታ ግዴታ አድርጋለች። ማስቸኮሉ ለአዋቂዎች ደስታ ካልሆነ ለልጆቹ አይበጅም።

ጥያቄ፦ ጉድለት የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አለው። በጠባብ ሜዳ ልጁ እስከ መጨረሻው ፍጥነቱ የሚሮጥበት ቦታ አያገኝም፤ ረጅም ቅብብልና ከመስመር የሚሻገር ኳስም አይለምድም። ስለዚህ ከ13 ዓመት በላይ ላሉት ሰፊ ሜዳም መጨመር አለበት። ድካሙም ቀላል አይደለም፤ በአጭር ዙር አጫውቶ ማሳረፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዛሬ 7 ልጆች ብቻ መጡ። ልምምዱን ልሰርዝ?

መልስ፦ ኧረ አትሰርዝ! 3 ለ3 አጫውትና ሰባተኛው ሁልጊዜ ኳስ ለያዘው ቡድን ይሁን። በየ3 ደቂቃው ሌላ ልጅ ተካ፤ ሁሉም ተራው ይድረሰው።