እናቴ «ጃንጥላ ምንድነው?» አለችኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ ነገሯ ግራ አጋብቶኛል። ትናንት ማን እንደመጣ፣ ምን እንዳወራን፣ ቀጠሮዋን ሁሉ ታስታውሳለች፣ መንገድም አይጠፋትም። ግን እቃው ሁሉ «ያ ነገር» ሆኗል። በቀደም ሊዘንብ ነው ጃንጥላ ያዢ ስላት «ጃንጥላ ምንድነው?» አለችኝ፣ አምጥቼ ሳሳያትም አገላብጣ አየችውና ምን እንደሚሰራ አላወቀችም። ወንድሜ እርጅና ነው ይላል። እኔ ደሞ እንዳትረሳ ብዬ በየቀኑ እቃ እያሳየሁ ስሙን እጠይቃታለሁ፣ እሷ ግን ትናደድብኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፈተናውን አቁሚላቸው፣ ለምን እንዳልኩሽ ወደታች እመጣበታለሁ።

ወንድምሽ የሚለው እርጅና አለ፣ ግን እንደዚህ አይደለም። እድሜ ሲገፋ ስም አፍ ላይ መጥቶ እምቢ ይላል፣ ያኔ «ጃ...» ብለሽ ስትጀምሪላቸው «ጃንጥላ!» ይላሉ፣ ስሙ ባይመጣ እንኳ ዝናብ ሲመጣ የምንይዘው ብለው ያስረዱሻል። እናትሽ ግን ስሙን ሰምተውም፣ እቃውን አይተውና ነክተውም ምንነቱ አልመጣላቸውም። የጠፋው ስሙ ብቻ ሳይሆን ስለ እቃው ያላቸው እውቀት ነው፣ እኔንም ያሳሰበኝ ይሄው ነው።

ኤንደል ቱልቪንግ የሚባለው ካናዳዊ ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. የማስታወስ ችሎታን ለሁለት ከፍሎ አሳየ፤ አንዱ የደረሰብንን ነገር የምናስታውስበት ነው፣ ትናንት ማን መጣ፣ የት ሄድን የሚለው። ሌላው ሴማንቲክ ሜሞሪ የሚባለው፣ መቀስ ምን እንደሚሰራ፣ ጉጉት ምን አይነት እንስሳ እንደሆነ፣ መቼ እንደተማርነው ሳናስታውስ የምናውቀው ነገር ሁሉ ማለት ነው። ከዛ በ1975 እንግሊዛዊቷ ኤልሳቤጥ ዋሪንግተን ይሄ ሁለተኛው ብቻውን ተለይቶ የተጎዳባቸው ሦስት ሰዎችን በዝርዝር ጻፈች። አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው፣ እውቀቱም እየቆየ ይሸረሸራል። ሴማንቲክ ዲሜንሽያ (ዲሜንሽያ ማለት አእምሮ እየደከመ የዕለት ኑሮን የሚያውክበት ህመም ነው) በሚባለው ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ትናንትን እያስታወሱ የነገሮች ትርጉም ይጠፋል፣ ምክንያቱም የሚጎዳው በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ፊተኛው ጫፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም በግራ በኩል ይብሳል። አጠፋፉም ከጥቃቅኑ ይጀምራል፣ መጀመሪያ ጉጉት የነበረው ወፍ ይሆናል፣ ቆይቶ ወፉም እንስሳ ብቻ ይሆናል።

እኔ እዚህ ሆኜ የእናትሽ በሽታ ይሄ ነው ልልሽ አልችልም፣ ግን ሳይውል ሳያድር የነርቭ ሀኪም ጋ ውሰጃቸው። አንድ ነገር ልብ በይልኝ፣ ሀኪም ቤት የሚሰጡት አጫጭር የማስታወስ ፈተናዎች ቀኑን፣ ቦታውንና ሦስት ቃል ማስታወስን ስለሚጠይቁ እናትሽ ደህና ነጥብ ሊያመጡና ምንም የለም ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ስለዚህ ያወቁትንና ያላወቁትን እቃ ጽፈሽ ሂጂ፣ የጃንጥላውንም ነገር ለኔ እንደጻፍሽው ለሀኪሙ ንገሪ፣ የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ምርመራም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ወደ ፈተናው ልመለስ። ትርጉሙ የጠፋ ነገር ስትጠይቂያቸው ያሳፍራቸዋል እንጂ አይመለስላቸውም። ቃላት እንደገና ማስተማር ይቻላል፣ ግን ልምምዱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ የተማሩት አንዱን ጃንጥላ ከሆነም ሌላ ቀለም ያለው ሲመጣ ላያውቁት ይችላሉ። እሳቸው ከፈለጉ በየቀኑ የሚነኩትን ጥቂት እቃ፣ እቃውን ይዘሽ፣ ስሙን አንቺው እየነገርሽ ይሁን፣ አትጠይቂያቸው። ደግሞ የራሳቸው የሆነውን እቃ ከሌላው አስበልጠው ይዘው ይቆያሉ፣ ስለዚህ ኩባያቸውን፣ ማበጠሪያቸውን፣ ያለበትን ቦታም አትቀይሪ፣ አዲስ ይሻላል ብለሽ አሮጌውን አትጣይባቸው።

ብዙ ሰው እቃ ላይ ስም ጽፎ ይለጥፋል፣ ይሄ ለረሳ ሰው ጥሩ ነው፣ የቃሉ ትርጉም ለጠፋበት ሰው ግን «መርዝ» ተብሎ ቢጻፍም ምንም ላይነግረው ይችላል። በረኪናውን፣ መድሃኒቱን፣ የሚጠጣ የሚመስለውን ፈሳሽ ሁሉ ዛሬውኑ ቆልፊበት።

ጥያቄ፦ 59 ዓመቴ ነው። የሰዎች ስምና የታወቁ ሰዎች ፊት ያምታታኝ ጀመር፣ ሀኪሙ ማይልድ ኮግኒቲቭ ኢምፔርመንት ነው አለኝ፣ ከእድሜዬ የባሰ ግን የዕለት ኑሮዬን ያላወከ የማስታወስና የማሰብ መድከም ማለት ነው። መጨረሻው ዲሜንሽያ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ጋሼ፣ የተቆረጠ ነገር የለም። እንደ እርስዎ ይሄ ተብሎላቸው ለማስታወስ ችግር ክሊኒክ ከሚሄዱት ውስጥ በዓመት ከ100 ሰው 10 እስከ 15 የሚሆነው ወደ ዲሜንሽያ ያልፋል፣ ብዙዎች ግን ባሉበት ለዓመታት ይቆያሉ፣ ወደ ጤናማው የሚመለሱም አሉ። የታወቀ ፊት አይቶ ስም ማጣትና በምርመራ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ የእንስሳት ስም ይጥሩ ሲባሉ መቸገር በዚህ ደረጃ የሚታይ ነገር ስለሆነ ሀኪሙ ችላ ባለማለቱ ደስ ብሎኛል።

የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ካልተደረገልዎ ይጠይቁ። ድብርት፣ እንቅልፍ ላይ ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የጆሮ መድከምም ይታዩልዎ፣ እነዚህ ሲታከሙ ጭንቅላቱ የሚቀለው ሰው አለ። የሚወስዱትን መድሃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፣ አንዳንድ የአለርጂ፣ የእንቅልፍና የሽንት መድሃኒቶች ማስታወስን ያደበዝዛሉ፣ ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። የአልዛይመር ኪኒን ዶኔፔዚልን ከአሁኑ ልጀምር ወይ ቢሉኝ፣ እዚህ ደረጃ ላይ በሽታውን እንደሚያስቆም አልታየም፣ እኔ ከሱ ይልቅ የደም ግፊትዎን መቆጣጠርና በየቀኑ ፈጠን ብሎ መራመድን አስቀድማለሁ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የማስታወስ ፈተናውን ይድገሙት፣ ሲሄዱም አብሮዎት የሚኖር ሰው ይምጣ፣ እርስዎ ያላስተዋሉትን ለውጥ እሱ ለሀኪሙ ሊነግር ይችላል።