መጀመሪያ ከስሯ ግቡ

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወንድማማቾች ጋራዥ መጡ። እቁብ ደርሷቸዋል፤ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረዋል። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልሱባት ፒክአፕ ሊገዙ ነው። ትልቁ ስልኩን አውጥቶ የአንዲት ነጭ ሃይሉክስ ፎቶ አሳየኝ። "ጋሼ፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" አለኝ። ደላላው ነው እንደዚያ ያለው። እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመት የጋራዥ ሥራዬ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት የማይሠራ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ገጥሞኝ አያውቅም።

ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው። ሞተር ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይጠገናል። ካምቢዮም እንደዚያው። ፍሪሲዮን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሻንሲ፣ ማለት መኪናዋን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ እና ወረቀት ግን ከተበላሹ ተበላሹ። ወጣት ገዢ ደግሞ ቀድሞ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው።

እኔም ያው ነበርኩ። በ28 ዓመቴ፣ ያውም መካኒክ ሆኜ፣ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ገዛሁ። ሞተሯ ፋይቭ ኤል የሚባለው ባለ ሦስት ሊትር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፣ ወደድኩት፣ ከፈልኩ። ከስሯ አልገባሁም። አዲስ ሱሪ ለብሼ ነበር። ሳቁ ግድ የለም፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አራት ወር ቆይቶ ስምንት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ አንድ ሹፌር ጓደኛዬ ከጎን አይቶ "መኪናህ ወገቧ ጎበጠ እንዴ?" አለኝ። ወርጄ አየሁ። በጋቢናውና በሳጥኑ መሃል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቧል። ጭነቱን አራግፌ ከስሯ ተኛሁ። ከኋላ አክስሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ሻንሲው ላይ ብረት ተደርቦ ተበይዷል። በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በጣቴ ስዳብሰው እንደ ጠባሳ አበጥ ያለ ነው። ከብየዳው ጫፍ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታ ወደ ታች ወርዳለች። ያን ቀን ሞተሯ እንደ ሰዓት እየሠራ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ካርቶንና የስልክ መብራት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሁሉ በፊት ከስሯ ግቡ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመብራት ተከተሉት። የፋብሪካ ብየዳ ቀጥ ያለና እኩል ነው፤ የመንደር ብየዳ ይዝረከረካል። ያረጀች መኪና ከስሯ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባች ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከአውሮፓ የመጣች ከሆነች ዝገቱ ላይ ጠንከር በሉ። እዚያ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ሻንሲ ይበላል። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የተበላ ብረት ድምፁ ድፍን ነው።

ባሌስትራውንም፣ ማለት ጭነት የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ ቁጠሩ። የእንዲህ ዓይነት ፒክአፕ አቅም ቢበዛ አሥር ኩንታል ግድም ነው። ተጨማሪ ቅጠል ከገባበት ግን ባለቤቱ ሃያ ሲጭንባት ኖሯል ማለት ነው። "ለገጠር መንገድ አጠናክሬያት ነው" ይላችኋል። እሺ በሉትና መቁጠራችሁን ቀጥሉ።

ለቀለሙ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቿንና የጎን ቆርቆሮዋን ዳብሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ፣ ማለት የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ሊጥ፣ አለ። ትንሽ ስቱኮ ነውር አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተጫረ መኪና የለም። ግማሽ በር ሙሉ ስቱኮ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ጠዋት ሂዱ፤ ሳትነሳ እንድትጠብቃችሁ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቷታል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ስትነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ቶሎ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ትንሽ ማጨሱ አይቀርም። ከዚያ ሁለት ጓደኛ ጭናችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ከፍ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውረዱ።

ቪጎ የምትባለው ናፍጣ ሃይሉክስ ከሆነች የታይሚንግ ቀበቶው፣ ማለት የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች በአንድ ምት የሚያዞረው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ባለቤቱ ካላወቀ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ። ኪሎሜትሩን አትመኑ። 90 ሺህ ይላል፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ግን እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ማንን ታምናላችሁ?

ወረቀቱ ላይ ብዙ ልጆች ይቸኩላሉ፤ ብራቸውም የሚቀልጠው እዚያ ነው። የሊብሬውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቁጥሩ ዙሪያ ሞረድ የነካው ከመሰለ ጥላችሁ ሂዱ። እግድ ወይም የባንክ ዕዳ እንዳለባት መዝገቡ ያለበት መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳችሁ አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስሟ ወደ እናንተ አይዞርም። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅድ እንደሆነ አንብቡ፤ አለመሻሩንም አረጋግጡ።

ዋጋውን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን አከበደ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለ መኪና የያዘ ሰው በርካሽ አይለቅም። ርካሽ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ።

ወንድማማቾቹ ያቺን ነጭ ሃይሉክስ ሊያዩ ሄዱ። ትንሹ ከስሯ ተኝቶ ፎቶ ላከልኝ። አዲስ ጥቁር ቀለም ነው። በቁልፍ ጫር አድርገው አልኩት። ባለቤቱ "መኪናዬን አትጫርብኝ!" ብሎ ጮኸ፤ በስልክ እኔም ሰማሁት። ትተዋት መጡ።

ሦስት ሳምንት ፈልገው አንዲት ኢሱዙ ዲማክስ ፒክአፕ ገዙ። ቀለሟ የነጣ፣ የኋላ በሯ የተጨረማመተ፣ ወንበሯ የተቀደደ። ሻጩ ሽማግሌ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞቹን በሙሉ በላስቲክ አስሮ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጧል። ሻንሲዋን እኔ ራሴ ተኝቼ አየሁት፤ አቧራና ጭቃ ብቻ ነው። ትናንት ለዘይት መጥታ ነበር፤ ጋራዡ እስካሁን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።