ማታ ማታ ለልጆች የሚነበብ የሥዕል መጽሐፍ

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ቤተሰብ ነን። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆቻችን አማርኛ ቢሰሙም በአማርኛ አይመልሱልንም። አብረን ጮክ ብለን ብናነበው የሚጠቅመን የሥዕል መጽሐፍ የትኛው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኔ የማስቀድመው የማሞ ቂሎን ተረት ነው፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 እ.ኤ.አ. በሥዕል አስደግፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። ማሞ እናቱ ለትናንቱ ጥፋት የሰጠችውን ምክር ለዛሬው ነገር ስለሚያውለው፣ ስሕተቱም መልኩን እየለወጠ ስለሚደጋገም፣ ትንሹ ልጅ ገጹ ሳይገለጥ የሚሆነውን ይገምታል፣ ትልቁም የእናትየውን ቃል እየተቀበለ ያነባል። (መደጋገሙ ወላጅን ቢያሰለችም ልጅን አያሰለችም።) ከእያንዳንዱ ምክር በኋላ ቆም ይበሉና ልጆቹ እስኪናገሩ ይጠብቁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አነጋገራቸውን እባክዎ አያርሙ።